ጀጎል ውስጥ ሁለት ሌሊት፦ ከአባቴ ጋር ያረፍንበት የሐረሪ ቤት

አባቴ በወጣትነቱ ሐረር ጦር አካዳሚ ተምሯል። ስለ ከተማዋ ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አየሯን፣ ብርቱካኗን፣ የዕረፍት ቀን ከካምፕ ሲወጡ ፈረስ መጋላ አደባባይ የሚጠጡትን ሻይ ሳይቀር ሳላየው አውቀዋለሁ። ጀጎል፣ ማለትም አሮጌውን ከተማ የከበበው ግንብ፣ ውስጥ ካሉት ቤቶች በአንዱ ግን አንድም ሌሊት አድሮ አያውቅም። «ገብተን እንዞር ነበር እንጂ ዩኒፎርም ለብሰን ማን ቤቱ ያስገባናል?» ይላል። ጥር ላይ ይዤው ሄድኩ። ሆቴል አልያዝኩም። የሐረሪ ቤተሰብ እየኖረበት እንግዳ የሚቀበልበት አሮጌ ቤት ያዝኩ፤ አልጋና ቁርስ፣ ሁለት ሌሊት።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ቅሬታም አለኝ፣ ደግሞ እንዲህ ያሉ ማረፊያዎች ጀጎል ውስጥ ከአንድ በላይ ናቸው። የምለው ለሌሎቹም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ድሬ ላይ ያወለቅነውን ሹራብ ደንገጎ ዳገት ላይ መልሰን ለበስነው። መኪና ፈረስ መጋላ ድረስ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ አንዳንዱ ቅያስ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከቤቱ አንድ ልጅ ተልኮልን ዕቃችንን ተሸክሞ መራን። ልብስ ሰፊዎች በሚሰሩበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል ነው ያለፍነው። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት። አባቴ እዚያ ጋ ቆም አለ። «ያኔም እንዲሁ ነበር» አለኝ።

ስንደርስ የመጀመሪያው ችግር ጠበቀን። በስልክ ሁለት ክፍል ብለን ነበር፣ የተያዘልን ግን አንድ ነው። ሌላው ለሌላ እንግዳ ተሰጥቷል። ቀጠሮ በቃል ብቻ የሚያዝ ከሆነ ይህ መድረሱ አይቀርም፤ አንድ ደብተር ይበቃ ነበር። ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ሽማግሌ ይዤ ስለነበር ተናደድኩ። የቤቱ እናት ይቅርታ ጠይቀው የልጃቸውን ክፍል አስለቀቁልኝ። ሒሳቡንም ቀነሱ።

ቤቱን ከውጭ ስታዩት የድንጋይ አጥርና አንድ የእንጨት በር ነው። በሩ ወደ ግቢ ያስገባል፤ ዋናው ቤት ከግቢው ወዲያ ነው። ሐረሪዎች ጌይ ጋር ይሉታል። ስትገቡ ወንበር የለም፣ ጠረጴዛም የለም። ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎባቸዋል። ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ ስፌት፣ ሞሰብና ሳህን ተሰቅሏል። ነጩ ግድግዳ ከዚያ ሁሉ ቀለም መሃል ብቅ ጥልቅ ይላል።

አባቴ በትሕትና በሩ አጠገብ ዝቅ ያለችው መደብ ላይ ሊቀመጥ ሲል የቤቱ እናት ከለከሉት።

«ኧረ እዚያ አይሆንም አባባ! እዚህ ይምጡ።»

ወስደው አሚር ነደባ ላይ አስቀመጡት። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ነው። ከዚያ ሆኖ ከግቢ የሚገባውን ሁሉ ያያል። አባቴ ጉልበቱን ይዞ ወጣ፣ ትራሱን ተደገፈ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቦታው በሩን ይገዛል» አለኝ። የሃምሳ ዓመት ወታደር ነው የተናገረው። ሁለቱን ቀን ከዚያ መደብ ማስነሳት አልተቻለም።

በሩ አናት ላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው። ከዋናው ቤት ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ሙሽሮች ከሰርግ በኋላ ተገልለው የሚሰነብቱባት ናት። ይህን ሁሉ የነገሩን እሳቸው ናቸው፣ ስፌታቸውን እየሰፉ። አስጎብኚ አላስፈለገንም።

መደቦቹ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው። አባቴ ለምን ቀይ እንደሆነ ጠየቀ። እሳቸውም በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው አሉ። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ጦር ያሸነፈበት ሜዳ ነው። ጥቂት ዝም ተባለ። አባቴ ከዚያው የንጉሥ ሠራዊት ወግ የመጣ መኮንን ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ነፍስ ይማር» አለ። እሳቸው «አሚን» አሉና ቡናውን ቀዱለት። ለዚህች ደቂቃ ብቻ እንኳ ብከፍል አይቆጨኝም ነበር።

ቁርሱ ጥሩ ነው። ፉል፣ ሳምቡሳ፣ ትኩስ ቂጣ ከማር ጋር። ከሁሉም የወደድኩት ሆጃን ነው። የቡና ገለፈት ተፈልቶ ወተት ይገባበታል፤ ቀለል ያለ ነው፣ ጠዋት ላይ ሆድ ያሞቃል። ሁለተኛው ቀን ግን ቁርሱ በጣም ዘገየ። አባቴ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ስለሚወስድ ከሱቅ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ። ሰዓት የምታከብሩ ከሆነ ማታውኑ ተናገሩ።

መታጠቢያ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ ለሁሉም እንግዳ አንድ ነው። ሌሊት መብራት የለውም። ውሃው በጄሪካን ነው። ይህን በእነሱ ብቻ አልፈርድም። ሐረር ለብዙ ዓመት ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የምትጠጣው፤ ሐይቁ ሲደርቅ የከተማው ሰው ሁሉ ውሃ ማጠራቀም ለመደ። አምፖልና በሩ ላይ አንድ መቀርቀሪያ ግን ከሐይቅ አይመጣም። ወደ ላይኛው ክፍል የሚወስደው ደረጃም መደገፊያ የለውም። እኔ ነኝ ላይ ያደርኩት፤ አባቴን ላውጣው ብል አልችልም ነበር። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ «ምድር ቤት» ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሩ።

በግቢው ጥግ በቅርብ የተሠሩ የሲሚንቶ ክፍሎችም አሉ። የራሳቸው ሻወር አላቸው፤ እንደማንኛውም ከተማ ያለ የአልጋ ክፍል ናቸው። ጀጎል ድረስ መጥታችሁ እዚያ አትደሩ።

ሌሊት ጸጥታው ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ አዛን ከብዙ አቅጣጫ ይሰማል፤ ግንቡ ውስጥ ያሉት መስጊዶች 82 ናቸው። ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ጅብ ሲጮህ ሰማሁ። በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት የፈለገ የቤቱን ልጅ ይጠይቅ። መንገድ ላይ ከሚያስቸግር ደላላ ጋር አትሂዱ፤ እኛ ሄደን ሁለት ጊዜ ከፍለናል።

መጠጥ ይዞ መግባት አይቻልም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሰው ቤት ነው፣ ልጆች ያጠናሉ፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በተጠጋናቸው አንዳንድ ቤቶች ግን ቀይ አፈሩ በዘይት ቀለም ተተክቷል፤ ለማጽዳት ይቀላል ይላሉ። እኛ ያረፍንበት ቤት አሁንም በአፈር ነው የሚቀባው። እሳቸውና ምራታቸው በእጃቸው ነው የሚያድሱት። የምንከፍለው ገንዘብ ለዚያ ድካም እንዲውል እፈልጋለሁ። አምፖሉም ከዚያው ይገዛ።

ስንወጣ አባቴ እጃቸውን ይዞ አመሰገነ። «ሲመለሱ ቦታዎ እዚያው ነው» አሉት፣ ወደ አሚር ነደባ እያሳዩት። ለመስከረም ቀጠሮ ይዘናል። ዘንድሮ በደብተር አስጽፌዋለሁ፤ ሁለት ክፍል፣ አንዱ ምድር ቤት።