የትርፍ አንጀት ምርመራ ጎንደር ላይ፦ እጅ፣ ደም፣ አልትራሳውንድ ወይስ ሲቲ?

ለትርፍ አንጀት ምርመራ ብር ይዛችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምትከፍሉት ሆዳችሁን በእጁ ለሚነካ ሐኪም ይሁን፣ ማሽኑ ከዛ በኋላ ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ታሞ ሁሉንም ምርመራ በየተራ ስላየነው ነው ይሄን የምለው።

ልጁን ማታ እምብርቱ ዙሪያ ጀመረው፣ ሲነጋ ህመሙ ወደ ቀኝ ታች ወረደበት፣ ምግብ አስጠላው፣ አስመለሰውም። መጀመሪያ የገባንበት ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) ማንም ሆዱን ሳይነካው ደም ተቀዳ፣ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ተሰራ፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ተጻፈለት። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም ዊዳል ድሮ የያዘን ታይፎይድ ወይ ሌላ ኢንፌክሽን በተወው ነገር ራሱ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ ስለ ትርፍ አንጀት ደሞ ምንም አይናገርም። ሆዱ የታመመ ሁሉ ታይፎይድ ወይ ጨጓራ እየተባለ ስንቱ ሰው ሰዓቱን እንደሚያቃጥል እግዜር ይወቀው።

በኋላ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ያየችው ዶክተር ግን ሌላ ናት። በጀርባው አስተኝታ ጉልበቱን አሳጠፈችው፣ «እስቲ ሳል» አለችው፣ ሲስል ፊቱ ጭምድድ አለ። ከማያመው ከግራ በኩል ጀመረች፣ ግራውን ስትጫነው ቀኙን አመመው። ከዛ ቀኙን ቀስ ብላ ተጭና ድንገት ለቀቀችው፣ ጮኸ። አይኗ ሆዱ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ነበር። የምትጫነው ቦታ ከቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ ወደ እምብርት አንድ ሦስተኛው ላይ ነው፣ ማክበርኒ የሚባል የኒውዮርክ ሰርጀን በ1889 የጻፈው ነው፣ እስካሁን ይሰራል።

ከዛ ነጥብ ቆጠረች። አልቫራዶ ስኮር ይባላል፣ በ1986 የወጣ፣ ከ10 የሚታሰብ። ህመሙ ቦታ መቀየሩ 1፣ ምግብ መጥላት 1፣ ማስመለስ 1፣ ቀኝ ታች ሲነካ ማመሙ 2፣ ሲለቀቅ ማመሙ 1፣ ትኩሳት 1፣ ነጭ የደም ሴል መጨመር 2፣ ኒውትሮፊል (አንዱ የነጭ ሴል ዓይነት) መብዛት 1። ልጁ ትኩሳት አልነበረውም፣ ያለ ደም ምርመራ 6 ነበር፣ ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ሲመጣ 9 ገባ። 7 እና ከዛ በላይ ከሆነ ለሰርጀን ይነገራል። 5 እና 6 ላይ ያለ ሰው ተኝቶ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይታያል፣ ይሄ ቸልተኝነት አይምሰላችሁ፣ እሱም አንድ የምርመራ ዘዴ ነው።

አልትራሳውንድ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ለልጁ መጀመሪያ የተሰራው ሪፖርት «አፔንዲክሱ (ትርፍ አንጀቱ) አልታየም» ይላል፣ ቤተሰቡ የለበትም ማለት መስሏቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። አልታየም ማለት የለም ማለት አደለም! አንጀት ውስጥ ያለ ጋዝ ወይም ውፍረት ይሸፍነዋል፣ የሚያነሳው ሰው ልምድም ይወስነዋል። ሁለተኛው ራዲዮሎጂስት «የቱ ጋ ነው ሚያምህ? በአንድ ጣትህ አሳየኝ» ብሎ መመርመሪያውን እዛው ላይ አስቀመጠና ጋዙን ለመግፋት ቀስ በቀስ ተጫነው፣ ስትጫነው የማይጠፈጠፍ ከ6 ሚሊሜትር የሚወፍር ቱቦ አሳየን። ያው ማሽን ነው፣ እጁ ግን ሌላ።

ሲቲ ስካን ከሁሉም ይበልጣል፣ እሱን መካድ አይቻልም፣ ግን ጨረር አለው፣ ውድ ነው፣ ለቀጭን ወጣት ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ ምን ያደርግለታል? ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ወፈር ላሉ፣ አልትራሳውንዱ ላልለየላቸው ግን ብሩ የትም ተፈልጎ ይሰራ እላለሁ። ለሴቶች ደሞ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይሰራ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናና የእንቁላል ከረጢት ችግር ልክ እንደ ትርፍ አንጀት ያማሉ። እርጉዝ ከሆነች ከአልትራሳውንድ ይጀመራል። ሽንት ላይ ትንሽ ነጭ ሴል ተገኘ ተብሎም የሽንት ቧንቧ ነው ብላችሁ እንዳትመለሱ፣ የተቆጣ ትርፍ አንጀት ሽንት ቧንቧው አጠገብ ከሆነ ያን ያመጣል።

አደራ ሆድ አታሳሹ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡ፣ ፌጦም ይቆይ። ህመሙ ድንገት ቀለል ካለ ዳነ ብላችሁ እንዳትተኙ፣ ፈንድቶም ሊሆን ይችላል። ማስታገሻ ምርመራውን ያበላሻል የሚባለው ግን ያለፈበት ነው፣ ሐኪም ካዘዘው ልጁ አይሰቃይ።

ከአዘዞም ሆነ ከማራኪ በሌሊት ባጃጅ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ በሽተኛው ምንም ሳይቀምስ ይምጣ፣ የተሰራውን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ ሲቢሲው ላይ የተሰራበትን ሰዓት አስጽፉበት፣ ሁለተኛው ሲመጣ የሚያነጻጽሩት ከሱ ጋ ነው።