«ስራ ካልያዛችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ከተመረቅሁ አራተኛ ወሬ ነበር። በየቀኑ አመለክታለሁ፤ መልስ የለም። ቤት ውስጥ «እስካሁን ምንም የለም?» የሚለው ጥያቄ መደጋገም ጀምሯል። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ስራ ይይዛሉ፤ እኔ ስልኬን ሳይ እውላለሁ። ማስታወቂያው የመጣልኝ በዚያ ሰሞን ነው። «በ90 ቀን ውስጥ ስራ ካልያዙ ሙሉ ገንዘብዎ ይመለሳል» ይላል። ሲቪ ማዘጋጀት፣ የኢንተርቪው ልምምድ፣ የግል አማካሪ፣ ሰርተፍኬት፣ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ብዙም ሳላስብ ከፈልኩ። ገንዘቡን የተበደርኩት ከወንድሜ ነው።

ስራ አላገኘሁም። ገንዘቤም አልተመለሰም። ድርጅቱን በስም አልጠራም። ተመሳሳይ ውል ይዘው የሚሸጡ ብዙ ስለሆኑ አንዱን ብትሸሹ ሌላው ይጠብቃችኋል። እኔ የምፈልገው አሰራሩን እንድታውቁት ነው።

ዋናው ነገር ያለው ዋስትናው ላይ ነው። «ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚለው ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ተጽፏል። መቼ እንደሚመለስ የሚናገረው ግን ውሉ ነው፤ ያውም መጨረሻ ገጽ ላይ። የኔ ውል እንዲህ ይል ነበር። በየሳምንቱ ቢያንስ 15 ቦታ ማመልከት አለብኝ። እያንዳንዱን ማመልከቻ በ24 ሰዓት ውስጥ እነሱ በሰጡኝ ሰንጠረዥ ላይ መመዝገብ አለብኝ። አንድም የአማካሪ ቀጠሮ መቅረት አልችልም። የመጣልኝን ስራ፣ ከሙያዬ ውጭ እንኳን ቢሆን፣ አልፈልግም ካልኩ ዋስትናው ይፈርሳል። «ስራ» ተብሎ የሚቆጠረው ደግሞ የጥቂት ሳምንት ጊዜያዊ ስራም፣ ደመወዝ የሌለው ልምምድም ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ታምሜ ተኛሁ። አንድ ቀጠሮ አለፈኝ። 90 ቀኑ አልቆ ገንዘቤን ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ ግዴታዬን ስላላሟላሁ ተመላሽ አይመለከተኝም። ፈርሜበታለሁና መከራከሪያ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግዴታዎቹ የተደረደሩት ከመካከላቸው አንዱ እንደሚያመልጠኝ ታውቆ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሳይታመም፣ ሳይረሳ፣ ኢንተርኔት ሳይቋረጥበት የሚዘልቅ ሰው ስንት አለ?

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ውሉን በጽሁፍ ጠይቁ። ከተከፈለ በኋላ ነው የምንልከው ካሏችሁ፣ እዚያው ተዉት። ውሉ ከመጣ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና የተመላሽ አንቀጹን አንብቡ።

«ከተማሪዎቻችን 85 በመቶው ስራ ይዘዋል» የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ከስንት ሰው ነው 85 በመቶው? ያቋረጡት ተቆጥረዋል? የያዙት ስራ በሙያቸው ነው? ይህ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ብሉምቴክ በተባለ፣ ቀድሞ ላምዳ ስኩል ይባል በነበረ የኮዲንግ ማሰልጠኛ ላይ እርምጃ ወስዷል። ማሰልጠኛው ከተማሪዎቹ ከ71 እስከ 86 በመቶ የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ስራ እንደሚይዙ ያስተዋውቅ ነበር። ቢሮው እንዳለው ለባለሀብቶቹ የሚያሳየው ቁጥር ግን ወደ 50 በመቶ የተጠጋ፣ አንዳንዴም እስከ 30 የወረደ ነው። «ስራ ስትይዝ ከደመወዝህ ትከፍላለህ እንጂ ብድር አይደለም» ተብሎ የተፈረመው ውልም ቢሮው ብድር ነው ብሎታል። «አሁን ምንም አትከፍሉም» የሚል ነገር ስታዩ ይህን አስታውሱ። ከደመወዛችሁ ስንት በመቶ፣ ለስንት ወር፣ ከምን ያህል ገቢ ጀምሮ? እነዚህን ሦስቱን ሳታውቁ አትፈርሙ።

ሌላው ማስፈራሪያ ሮቦቱ ነው። «ሲቪህን ሰው ሳያየው ኮምፒውተር ይጥለዋል» ይሏችኋል። ከዚያ ሲቪያችሁን በነጻ «ይመረምሩታል»። የኔ 38 ከ100 አመጣ። ደነገጥኩ። እነሱ ከጻፉት በኋላ 92 ሆነ። መልስ ግን ያው አልመጣም። ነጥቡን የሚሰጠው የሻጩ የራሱ ሶፍትዌር ነው፤ ቀጣሪው አያውቀውም። ቀጣሪዎች ማመልከቻ የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር አላቸው፤ ይህ እውነት ነው። በአብዛኛው ስራው ግን ማመልከቻዎችን መሰብሰብ፣ ማደራጀትና መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚጥላችሁ ራሳችሁ ቅጹ ላይ የሞላችሁት መልስ ነው፤ ዲግሪ አለህ ወይ፣ ስንት ዓመት ልምድ አለህ፣ የስራ ፈቃድ አለህ የሚሉት ጥያቄዎች። ለሲቪው ቀለል ያለ አቀማመጥ፣ እንደ ፎቶ ያልገባ ጽሁፍ፣ ማስታወቂያው የጠየቀውን እናንተም በእውነት ያላችሁን ችሎታ በዚያው ቃል መጻፍ ይበቃል።

የጻፉልኝ ሲቪ «በውጤት ተኮር አመራር የተካነ» ይል ነበር። አንድ ቀን ተቀጥሬ ሰርቼ አላውቅም! ያንኑ ፓኬጅ የገዛ የክፍሌ ልጅ ሲቪውን ሲያሳየኝ ያችው ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብላለች። በኋላ አንድ ኢንተርቪው ላይ «እስቲ ስለዚህ አመራር ንገረን» ሲሉኝ የምለው ጠፋኝ። የራሴን የመመረቂያ ፕሮጀክት በራሴ ቃል ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት አወራላቸው ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ነጻ የሚመስሉ የሲቪ መስሪያ ድረ ገጾችም አሉ። አንድ ሰዓት ለፍታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ለማውረድ ካርድ ይጠይቃሉ። ትንሿ የሙከራ ክፍያ ከቀናት በኋላ በየወሩ የምትቆረጥ ትሆናለች። ካርዳችሁን አትስጡ።

ስራ ለማስቀጠር ራሱ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ደግሞ፣ ለመመዝገቢያም ይበለው ለፎርም፣ ራቁት። የዓለም የስራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው 181ኛው ስምምነት፣ የግል የስራ አገናኞች በመርህ ደረጃ ከሰራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይወስዱ ይላል። የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ መርሁ ግን ግልጽ ነው።

በፓኬጁ ውስጥ ከከፈልኩባቸው ነገሮች አብዛኞቹ በነጻ ነበሩ። «ልዩ የሙያ ፈተና» ያሉኝ፣ ሳይኮሎጂስቱ ጆን ሆላንድ የሙያ ዝንባሌን በስድስት የከፈለበትን አከፋፈል የያዘ ነው። ኦኔት የተባለው የአሜሪካ የሰራተኛ መስሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይኸው ዓይነት ባለ 60 ጥያቄ መጠይቅ ያለ ክፍያ አለ። ሲቪ ለመስራት ዩሮፓስ የተባለው የአውሮፓ ህብረት ድረ ገጽ ነጻ ነው። ኮዲንግ ከሆነ ፍሪኮድካምፕ የተባለው ድረ ገጽ ትምህርቱንም ሰርተፍኬቱንም በነጻ ይሰጣል። የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማማከሪያ ቢሮ ካለውም ሂዱ። ተመርቄያለሁ ብላችሁ አትቅሩ፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ተማሪዎችንም ያስተናግዳሉ።

ገንዘብ መክፈል ሁሉ ሞኝነት ነው አልልም። በሙያችሁ ውስጥ ያለ፣ ስሙንና ስራውን የምታውቁት ሰው ለአንድ ሰዓት ኢንተርቪው ቢያለማምዳችሁና ብትከፍሉት ጥሩ ነው። የገዛችሁት ሰዓቱን ነው፤ ስራ እሰጣችኋለሁ አላላችሁም።

እኔ በመጨረሻ ስራዬን የሰማሁት አንድ ሴሚስተር የቡድን ስራ አብራኝ ከሰራች ልጅ ነው። ለሁለት ዓመት ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ሶሺዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት፣ በሰው በኩል ስራ ካገኙት አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያገኙት ሰው እንደነበር አሳይቷል። እንዲህ ላለ ሰው ሰላምታ መላክ አትፈሩ።

ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ማስታወቂያውን ስክሪንሹት አንሱ፤ ሊያጠፉት ይችላሉ። ተመላሹን በስልክ ሳይሆን በጽሁፍ ጠይቁ። በካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁን አናግሩ፤ በየወሩ የሚቆረጥ ካለ አስቁሙ። ያልከፈላችሁና ውሉ እጃችሁ የገባ ደግሞ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የተመላሽ አንቀጹን አብረን እናነበዋለን።