እማዬን ከ4,800 ብር ኪሳራ ላዳነልን የአራት ኪሎ ሞባይል ሰሪ

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ይዤ አራት ኪሎ ሄድኩ። ስልኳ ቻርጅ አልቀበል ብሎ ነበር። የሄድንበት ልጅ ድሮ ፒያሳ ነበር የሚሠራው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃውን ሸክፎ ወደዚህ መጣ። አሁን ያለበትን ሱቅ ከማለት የደረጃ ሥር ማለት ይቀላል።

መሰኪያውን ቀይሮ ስልኩን ሲያበራው የተጠራቀመው ቴክስት ሁሉ ገባ። አንዱ «ውድ ደንበኛችን፣ 4,800 ብር ገቢ ሆኖልዎታል» ይላል። ደቂቃም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ሴት ናት፣ ታለቅሳለች። «እናቴ፣ በስህተት ነው የላክሁት፣ ልጄ ሆስፒታል ተኝቶብኛል፣ ይመልሱልኝ።» እማዬ ደግሞ ሆዷ አይችልም። «የሰው ገንዘብ እንዴት እበላለሁ! በይ ላኪላት» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። እኔም፣ አላፍርም ልናገረው፣ ልልክ ነበር።

«እማማ፣ አንዴ ይቆዩ» አለ ልጁ። ቴክስቱን ከፍቶ ከላይ ያለውን የላኪ ቁጥር አሳየን። የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው ከ127 ነው። ይሄኛው በ09 የሚጀምር ተራ ስልክ ነው። ቀጥሎ ግን፣ «የላኪ ስምም አስመስለው የሚልኩ አሉ፣ ስለዚህ ሂሳቡን ራሱን ይዩት» ብሎ እማዬን *127# አስደወላት። ቀሪ ሂሳቧ ጠዋት ከነበረው ሳንቲም አልጨመረም። ሴትዮዋ መደወሏን አላቆመችም። ሁለተኛ ስናነሳላት ለቅሶው የለም፣ ስድብ ነው።

ነገሩ ሲከነክነኝ እኔም ኢሜይሌ ላይ የቆየ አንድ መልዕክት አሳየሁት። «አካውንትዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፣ ይህን ይጫኑ» የሚል። የባንኩ ስምና አርማ ሁሉ አለበት። የላኪውን ስም ሲነካው ከሥሩ የማይታወቅ ሰው ጂሜይል ወጣ። ሊንኩን ደግሞ ሳልከፍተው ጣቴን ጫን አድርጌ እንድይዘው ነገረኝ፤ ሙሉ አድራሻው ታየ። መጀመሪያው ላይ የባንኩ ስም አለ፣ ከ«https://» ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያ ጭረት («/») በፊት ያለው መጨረሻ ግን ሌላ ነው። «ሊንክም የአባት ስም አለው» አለኝ። «የራሱን ስም ማንም እንደፈለገ ያወጣል፣ አንቺ አባቱን እዪ።» ስንት ሥልጠና ተቀምጬ እንዲህ የገባኝ የለም።

ፒንና በቴክስት የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም የሚለውን ለእማዬ ሦስት ጊዜ ደገመላት። ሳይሰለች። ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ።

የወሰደው የመሰኪያውን 350 ብር ብቻ ነው። ለሻይ ብዬ ብጨምር መለሰልኝ።

እንከን የለውም አልልም። «ነገ ነይ» ካለ ከነገ ወዲያ ማለቱ ነው፣ እሁድም አይገባም። ስሙንና ስልኩን አልለጥፍም፣ ራሱ ነው ያለኝ፦ «ነገ በእኔ ስም ይደውሉልሻል።» ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሲወጡ በቀኝ በኩል ነው፤ የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ፣ ልወስደው እችላለሁ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

እማዬ ግን አሁን አላስቀመጠችኝም። ትናንት ባትሪ ዘግቶብኝ በጓደኛዬ ስልክ ደውዬ «እኔ ነኝ እማዬ» ብላት፣ «የአያትሽ ስም ማነው?» አለችኝ።