ርካሽ ባርኔጣ ገዝቶ የድሮ ፌዶራ ለማስመሰል የትኛው ይሻላል?

ገበያ ገብቶ ባርኔጣ የሚያነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ሪባኑ ላይ ያርፋል። ከዚያ ቀለሙን ያያል፣ ደፋ አድርጎ መስታወት ይጠይቃል፣ ዋጋ ይከራከራል። ባርኔጣውን እንዳለ ለሚያደርገው ሰው ይህ አካሄድ ክፋት የለውም። ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ የአያቶቻችንን ዘመን መልክ ሊያወጣለት ላሰበ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሪባን በአንድ ሜትር ጨርቅና በመርፌ ይቀየራል፤ የአናቱ ሥርጉድም በእንፋሎት ጠፍቶ በእንፋሎት ይመለሳል። እጅ የማይመልሳቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የተሠራበት ነገር፣ የክፈፉ (ዙሪያውን የወጣው ጠርዝ) ስፋትና የአናቱ ቁመት። ሰፊ ክፈፍ በመቀስ ይጠብባል፣ ጠባቡን የሚያሰፋ ግን የለም።

«የድሮ ፌዶራ» ስንል የምናስበው የባርኔጣ መልክ በአብዛኛው የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ክፈፉ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ሪባኑ ከ4 እስከ 5፣ አናቱ ከፍ ብሎ ከፊት ግራና ቀኙን የተቆነጠጠ። 1960ዎቹ ሲመጡ ክፈፉም ሪባኑም ቀጠኑ፣ አናቱም አጠረ። ዛሬ «ፌዶራ» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ባርኔጣ ብዙው የዚህ የኋለኛው ዘመን ቅርጽ ነው። ባቡሩ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ከተማው ከግሪኩ፣ ከአርመኑ፣ ከጣልያኑና ከፈረንሳዩ ጋር ኖሯልና ከዚራ ሰፈር አንዱ አሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፎቶ ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የክፈፉ ጥላ ዓይን ላይ ይወርዳል። በጠባቡ ክፈፍ ግን ጥላው ግንባር ላይ ይቀራል፤ የምንፈልገውን መልክ የሚሰጠውም የሚነሳውም ይኼው ጥላ ነው።

የፖሊስተሩ

ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ስትገቡ ከሁሉም ርካሹ ይህ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ነው፣ ቀለሙም ያማልላል። እውነተኛው ባርኔጣ የሚሠራበት ፌልት ሱፍ ሳይፈተልና ሳይሸመን በሙቀት፣ በእርጥበትና በግፊት እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚወጣ ነው። ለዚህ ነው እንፋሎት ሲያገኘው የሚለሰልሰው፣ ሲደርቅም በእጅ የሰጣችሁትን ቅርጽ ይዞ የሚቀረው። ፖሊስተር ይህ ባሕርይ የለውም። በእንፋሎት ትንሽ ይለዝብና መልሶ ወደ ፋብሪካው ቅርጽ ይሄዳል። ካውያ ሲጠናበት ያብለጨልጫል፤ አንዴ ያብለጨለጨ ቦታ ደግሞ አይድንም።

ለመለየት የውስጡን ቀበቶ (ግንባር የሚነካውን) ገልብጣችሁ ምልክቱን አንብቡ። ምልክት ከሌለው ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከቀበቶው ሥር ጥቂት ቃጫ ንቀሉና ክብሪት ለኩሱበት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፣ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለአንድ ቀን የምርቃት ፎቶ ወይም ለመድረክ ከሆነ ፖሊስተሩን ግዙ፣ ሪባኑን ብቻ ቀይሩ፣ ቅርጹን አትንኩ። ከዚያ በላይ አትድከሙበት።

የሴቶቹ ሰፊ ክፈፍ

ወንዶች አልፈውት የሚሄዱት፣ እኔ ግን አስቀድሜ የማነሳው ይህን ነው። ክፈፉ እንደ እንጀራ የሚልፈሰፈስ፣ ስፋቱ 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ከሱፍ የተሠራ የሴቶች ባርኔጣ። አናቱ ብዙ ጊዜ ክብ ነው፣ አንዳንዴም ምንም ሥርጉድ አልወጣለትም። ማንም ያልነካው ማለት ነው፤ የፈለጋችሁትን ታወጡለታላችሁ። ክፈፉ ሲቆረጥ መልፈስፈሱም አብሮ ይቀንሳል፤ ሰፊ ሆኖ ያጎነበሰው በ7 ሳንቲ ሜትር ላይ ራሱን ችሎ ይቆማል።

አቆራረጡ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ሜትሩን ከአናቱ ሥር እያስነሳችሁ በየሁለት ጣቱ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ በሳሙና ቁራጭ ወይም በጠመኔ ነጥብ አድርጉ፣ ነጥቦቹን አገናኙ፣ በልብስ ሰፊ ትልቅ መቀስ ሳታቋርጡ ቁረጡ። ትንሽ በትንሽ የተቆረጠ ጫፍ ጥርስ ያወጣል። ከዚያ ጫፉን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሩት። ፌልት ሽመና ስለሌለው አይተረተርም፤ ጫፉን መጠቅለል ግዴታ አይደለም፣ ከድሮዎቹም ሳይጠቀለል የሚቀር ነበር።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። የአዲስ ርካሽ ሱፍ ባርኔጣ አናት ልል ነው፣ ቆንጥጣችሁት ሳምንት ሳይሞላ ሊላላ ይችላል። ነጭ ኮላ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ በብሩሽ ከውስጥ በኩል ብቻ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ከውጭ ከነካው ነጭ አሻራ ይተዋል። በተረፈው ቁራጭ ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ሁለተኛው ጉድለት የውስጡ ቀበቶ ነው። ከጨርቅ ስለሚሆን ላቡን መጥጦ ወደ ሱፉ ያሳልፋል። ስስ የበግ ቆዳ አስቆርጣችሁ ብታስለውጡት ባርኔጣው ዕድሜ ያገኛል።

የካውቦይ ባርኔጣም ሱፍ ከሆነ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የተጠቀለለውን ጫፍ ከነሽቦው ቆርጣችሁ ማውጣት ብቻ ነው። ሱፉ ወፈር ስለሚል ግን መቆንጠጡ እጅ ያደክማል።

ሰልባጁ

ከሰልባጅ ክምር ውስጥ የሚወጣው ባርኔጣ ሎተሪ ነው፤ ዕጣው ግን አንዳንዴ ይደርሳል። ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ነገር ከጥንቸል ፀጉር የተሠራ ፌልት ነው። ከበግ ሱፉ ይልቅ ቀጭንና ቀላል ሆኖ ሳለ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቅርጽም በደንብ ይይዛል። በጣት ስትዳስሱት ለስላሳ ነው፤ ስታጥፉት ሳይሰበር ይመለሳል። የጣልያኑ ባርኔጣ ሠሪ ቦርሳሊኖ ከ1857 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስሙን የተከለው በዚህ ዓይነቱ ነው። የውስጡ ቆዳ ላይ የታተመ ስም ያየ ሻጭ ዋጋውን መስቀሉ አይቀርም። እናንተ ስሙን ትታችሁ ባርኔጣውን ወደ ፀሐይ አንሱና ከውስጥ ወደ ውጭ እዩ። ብል የበላው እንደሆነ ብርሃኑ በመርፌ ቀዳዳ በመሰለ ነጥብ ይገባል። ሪባን የሚሸፍነው ቦታ ላይ ከሆነ ምንም አይደል፤ ቁንጥጫው ላይ ከሆነ ተዉት፣ በእንፋሎት ስትስቡት ይቀደዳል።

ቀጥሎ ቆዳውን ገልብጡ። የደረቀና የተሰነጠቀ ቆዳ ይለወጣል፤ ላቡ አልፎ ሪባኑ ላይ ነጭ የጨው መስመር ካወጣ ግን ፌልቱም ጠጥቶታል ማለት ነው። ሪባኑን ጫፉ ላይ ገለጥ አድርጋችሁ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከውጭው ጋር አስተያዩት። ፀሐይ የበላው ባርኔጣ ከሪባኑ ሥር ጠቆር ያለ መስመር ይተዋል። ይህ የማይድን ነውር መስሎ ብዙ ሰው ይመልሰዋል፤ መድኃኒቱ አዲሱን ሪባን ከአሮጌው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ማስፋት ብቻ ነው። ፋብሪካ በማስቲሽ ለለጠፈው የአዲስ ባርኔጣ ሪባንም ዘዴው ይኼው ነው፤ ሲነሳ የሚቀረው የማስቲሽ መስመር በሰፊው ሪባን ይሸፈናል።

የሦስቱን ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይስቅብኛል። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይለወጥም። ፖሊስተሩ ይረክሳል፣ የሴቶቹ ሱፍ መሐል ላይ ነው፣ ሰልባጁ እንደ ሻጩ ዓይን ከሁለቱ በታችም ከሁለቱ በላይም ሊሆን ይችላል። በሰልባጁ ላይ የቆዳና የሪባን ወጪ ጨምሩበት።

እንፋሎቱ

ማንቆርቆሪያ በቂ ነው። ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ በአፉ በኃይል ሲወጣ ባርኔጣውን አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ አዙሩት፣ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። መጀመሪያ የድሮውን ሥርጉድ ከውስጥ በጡጫ ግፉና አናቱን ክብ አድርጉ። መጠኑ የሚመጥን ጎድጓዳ ሳህን ወይም ትንሽ ድስት ውስጡ ብታስገቡ ክቡ ይስተካከላል። ከዚያ እንደገና እንፋሎት ስጡትና በእጃችሁ ጎን ከፊት ወደ ኋላ መሐሉን ዝቅ አድርጉ፤ ከፊት ጠልቆ ወደ ኋላ እየሳሳ ይሂድ። በመጨረሻ በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ከፊት ያዙና ቀስ ብላችሁ ጨምቁ። ፌልቱ ትኩስ እያለ ጣታችሁን ትንሽ ያቃጥላል፣ ግን አትልቀቁ፤ እስኪቀዘቅዝ ያዙት። ጎበዝ እጅ እንኳ በመጀመሪያው ሙከራ አንዱን ወገን ከሌላው ያበልጣል። እንፋሎት ይደመስሰዋልና አትደንግጡ። አናቱ አጭር ከሆነ መሐሉን በጣም አታስምጡት፤ ያለችውን ቁመት ታጠፉታላችሁ።

ክፈፉን በእርጥብ ነጠላ ቁራጭ ላይ ካውያ አሳርፋችሁ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ቀና አድርጉት። ማድረቅ በጥላ ነው። ድሬ ላይ «ፀሐይ እያለ ምን ያስጠብቃል» ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያሰጣ ሰው ይኖራል። ሱፉም ቆዳውም ይኮማተራል፣ በማግስቱ ባርኔጣው ጭንቅላት ላይ አይገባም። የውስጡን ቀበቶ ወደ ውጭ ገልብጣችሁ በእሱ ላይ አስቀምጡት፣ ክፈፉ ወለል እንዳይነካ።

ሪባኑን ማን ይስፋው?

ሪባኑ አግድም ስስ መስመር ያለው፣ የማያብለጨልጭ ይሁን። ለሙሽራ መኪና የሚታሰረው አብረቅራቂ ሳቲን የለፋችሁበትን ሁሉ ያበላሻል። ጥጥ ያለበት ሪባን በካውያ ሲጎተት ከአናቱ ጋር ጎበጥ ይላል፤ የፖሊስተሩ ግን ከላይ በኩል ክፍት ይተዋል። ቋጠሮው ለወንድ በግራ በኩል ነው።

እጃችሁ መርፌ የማይለምድ ከሆነ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ሂዱ። ልብስ ሰፊዎቹ ከነስፌት መኪናቸው መንገዱ ዳርና ዳር ተደርድረዋል። ነገር ግን ገና ሳትቀመጡ ተነጋገሩ፤ ፌልት ላይ የስፌት መኪና ሲመታ ይሸበሸባል፣ ቀዳዳውም አይጠፋም።

«በመኪና ልምታልህ?» ይሏችኋል።

«አይ ጋሼ፣ በእጅ ይሁንልኝ።»

«በእጅማ ከሆነ ቀኔን በላኸው።»

ዋጋው እዚህ ላይ ይጨምራል፣ ክፈሉ። ጥሩ ሰፊ መርፌውን ፌልቱ ላይ ወደ ውጭ አያሳልፈውም፤ ግማሽ ውፍረቱን ነክቶ ይመለሳል። ከላይ የምትታየው ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት፣ ክሩም የሪባኑን ቀለም ከያዘ እሷም አትታይም።

ድሬ ወይስ ሐረር

ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታው ግን ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,900 ይጠጋል። ለባርኔጣ ገዢ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሐረር ላይ ወፈር ያለው የሱፍ ባርኔጣ ጠዋትና ማታ ይመቻል፤ ጠላቱ የክረምቱ ዝናብ ነው። የበግ ሱፍ ሲበሰብስ ክፈፉ ይወርዳል፣ ቸኩላችሁ በሙቀት ካደረቃችሁት ይጠብባል። ድሬ ላይ ግን አቦ፣ በግንቦት እኩለ ቀን የበግ ሱፍ ጭንቅላት ላይ መድፋት ራስን መቅጣት ነው። ድሬ የሚኖር ሰው ወይ ቀጭኑን የጥንቸል ፌልት ከሰልባጅ ይፈልግ፣ ወይ የሱፉን ለምሽትና ለሠርግ ያስቀምጥ። ቀለሙንም ከጥቁር ይልቅ ግራጫ ወይም ቡናማ ያድርግ። ጥቁር ላይ አቧራውም የላቡ ጨውም ይታያል፣ ሁለቱንም ድሬ አትነፍግም።

ቁጥሩን ሳትለኩ አትውጡ። ሜትሩን ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ዙሩት። የሴቶቹ ሰፊ ክፈፍ ብዙውን ጊዜ ከ56 እስከ 58 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጭንቅላት ነው። ከዚህ ያነሰ ጭንቅላት ያለው ከቀበቶው ኋላ የታጠፈ ወረቀት ወይም ስስ ስፖንጅ አስገብቶ ይገላገላል። ከፍ ያለ ከሆነ በእንፋሎት ተስቦ የሚገኘው ቢበዛ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ እሱም ቀስ እያለ ይመለሳል። 60 እና ከዚያ በላይ የለካ ሰው የሴቶቹን ይለፈውና ካውቦዩንና የሰልባጁን ክምር ይፈትሽ።