ኮምቡቻ፦ ጥሬው፣ ፓስቸራይዝ የተደረገው ወይስ ቤት የሚዘጋጀው?

ለሆድ ብለው ኮምቡቻ (ስኳር የገባበት ሻይ በባክቴሪያና በእርሾ ተብላልቶ የሚሠራ ጎምዛዛ መጠጥ) የሚገዙ ከሆነ መጀመሪያ የሚያቃጥልዎትን ይለዩ። ኮምቡቻ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። የጨጓራ ቁስለት ወይም ቃር ላለበት ሰው ያባብስበታል፤ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያም አያድንም። ለእንዲህ ያለው ሆድ እርጎ ይሻላል። አሲዱ የለዘበ ነው፣ ለአንጀት የሚያደርገውም ጥቅም በሰው ላይ ይበልጥ ተጠንቷል። በኮምቡቻ ላይ የተደረጉት የሰው ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ናቸው፤ «ፈዋሽ» የሚል ማስታወቂያ አይመኑ።

ጨጓራዎ ደህና ከሆነ ምርጫው እንዲህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚሸጠውና «ጥሬ» የሚል የተጻፈበት ባክቴሪያውና እርሾው በሕይወት ያሉበት ነው። ሙቀት ላይ ከቆየ መብላላቱን ስለሚቀጥል አልኮሉ ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ 0.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከደረሰ እንደ አልኮል መጠጥ ይቆጠራል፤ የማይጠጡ ሰዎች ይህን ይወቁ። ፓስቸራይዝ የተደረገው (ተሕዋስያኑ እንዲሞቱ በሙቀት የታከመው) ጣዕሙ አለ፣ ሕይወቱ ግን የለም። ለስላሳ መጠጥ ለመተው ይጠቅማል፤ ለባክቴሪያው ብሎ ገንዘብ ማውጣት ግን ከንቱ ነው። በሁለቱም ስኳሩን ከ100 ሚሊ ሊትር አንጻር ያወዳድሩ፤ አንዱ ጠርሙስ ሁለት ሰው እንደሚጠጣው ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። ሲጀምሩ በቀን 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ጥሬውን ይተው።

ቤት የሚዘጋጀው ርካሽ ነው፣ ጥንቃቄው ግን የእርስዎ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም ሻይ ቅጠል፣ 70 ግራም ስኳር፣ ከቀድሞው የተረፈ 100 ሚሊ ሊትር ጎምዛዛ ኮምቡቻና «እናቱ» (ሻዩን የምታብላላው የባክቴሪያና የእርሾ ዝልግልግ ክምችት) ያስፈልጋሉ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እናቱን ከጨመሩ ትሞታለች። ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይ አይሆንም፤ ዘይታቸው ባክቴሪያውን ያዳክማል። እንደ ውሽውሽ ያለ ጥቁር ሻይ ብቻውን ይበቃል። በመስታወት ዕቃ አድርገው፣ አፉን በጨርቅ ሸፍነው፣ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ባለ ቦታ ከ7 እስከ 10 ቀን ያቆዩት። የተለበጠ ሸክላ አይጠቀሙ፤ አሲዱ ከልባጡ ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊያወጣ ይችላል።

ከስር የተንጠለጠለ ቡናማ ክር እርሾ ነው፣ አያስፈራም። ላዩ ላይ ደረቅና ጸጉራም አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ከታየ ግን ሻጋታ ነው፦ ገፎ መጠጣት አይቻልም፣ እናቱም ጭምር ይደፋ።