አንገት የሚያስደፋው ካሜራ፦ ያሺካ ማት 124ጂ በደብረ ማርቆስ መንገዶች

ያሺካ ማት 124ጂ የተባለውን ባለሁለት ሌንስ የፊልም ካሜራ ገዝቼ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የማላውቃቸውን ሰዎች እያስፈቀድሁ ፎቶ ማንሳት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ካሜራውን የምመዝነው በአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ቀርቤ፣ ፈቃዱን ጠይቄ፣ አቁሜ ወይም አስቀምጬ በፊልም ሳነሳው ይህ ዕቃ ምን ያህል ያግዘኛል? ለሠርግ ወይም ለኳስ ሜዳ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ብዙ አያተርፍም።

ካሜራውን የጃፓኑ ያሺካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ለገበያ አቅርቦ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አምርቶታል። ሁለቱ ሌንሶች ከላይና ከታች የተደረደሩ ናቸው፤ የላይኛው ለማያ፣ የታችኛው ለማንሻ ነው። የማንሻው ሌንስ 80 ሚሊሜትር ሲሆን የብርሃን ማስገቢያ ክፍተቱ እስከ 3.5 ይከፈታል (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክፍተቱ ይሰፋል)፤ ብርሃኑን ለቅጽበት የሚያስገባው መዝጊያ ከ1 ሰከንድ እስከ አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ይሠራል። የሚጎርሰው 120 የሚባለውን ሰፊ ፊልም ነው፤ ከአንድ ጥቅልም 6 በ6 ሴንቲሜትር የሚባሉ፣ ጎናቸው እኩል የሆነ 12 አራት ማዕዘን ፖዞች ይወጣሉ። በ36 ፖዝ ፊልም ላደገ ሰው 12 ፖዝ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ በኋላ ግን አንድን ሰው ለማንሳት ከሁለት ፖዝ በላይ ማውጣት አባካኝነት እየመሰለ ይመጣል። ክብደቱ ከ1 ኪሎ ጥቂት የሚያልፍ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲውል ማሰሪያው ሥጋ ይበላል።

የዚህን ካሜራ ዋና ጠባይ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። መመልከቻው ከላይ ስለሆነ አንሺው ካሜራውን ሆዱ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቁልቁል ወደ መስታወቱ ያያል። ዓይን ላይ የሚለጠፈውን ካሜራ በቋንቋችን “ደገነብኝ” እንላለን፤ ለጠመንጃ የምንጠቀምበትን ግሥ ሳናቅማማ ለካሜራም ሰጥተነዋል፣ ያነሣሣንም የሁለቱ አያያዝ መመሳሰሉ ይመስለኛል። ያሺካው ግን አይደገንም። ይህን የያዘ ሰው በሚነሳው ሰው ፊት እጅ የሚነሳ ያህል ጎንበስ ይላል፤ በጎጃም መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ወጣት በአንድ አረጋዊ ፊት ጎንበስ ሲል ነገሩ ከፎቶግራፍ በፊት የሚታወቅ ነገር ነው። ዳያን አርበስ የተባለችው አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትንሹን የ35 ሚሊሜትር ካሜራ ትታ ሮሊፍሌክስ ወደተባለው ባለሁለት ሌንስ ካሜራ የዞረችው በዋናነት ጥርት ያለ ዝርዝር ፈልጋ እንደነበር ይነገራል። እኔ ግን ካሜራው ፎቶው ላይ ከሚያመጣው ይልቅ እኔው ላይ ያመጣው ለውጥ ይበልጥብኛል።

አንድ ጠዋት በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ያ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረር የነበረውን የከተማዋን ስም ያስለወጡበት ደብር አጠገብ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ዱላቸውን ተመርኩዘው የተቀመጡ አዛውንት አገኘሁ። “እንዴት አደሩ አባባ?” ስል “እግዚአብሔር ይመስገን፤ የማን ልጅ ነህ?” አሉኝ። በእኛ አገር ፈቃድ መጠየቅ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ የአባቴን ስም፣ የትውልድ ቀበሌዬንና የምሠራውን ሥራ ሳልናገር ስለ ፎቶ ባነሳ ኖሮ ጨዋታው እዚያው ባበቃ ነበር። ከዚያ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሳጥን አይተው “ይህ ደግሞ የድሮ ሬድዮ ነው?” ብለው ጠየቁኝ። ክዳኑን ከፍቼ መስታወቱን አሳየኋቸው። አጠገባቸው የነበረች የልጅ ልጃቸው ወደ ቀኝ ስትራመድ መስታወቱ ላይ ወደ ግራ ሄደች፤ ይህ ካሜራ ግራና ቀኙን አዛውሮ ነው የሚያሳየው። “ይሄማ ግራና ቀኙን አያውቅም” ብለው ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ እኔ ሳልጠይቃቸው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን ወደ ፊት አወጡና ፊታቸውን አጠነከሩ። ሁለት ፖዝ አነሣሁ።

ስለዚያ መጠንከር አንድ ነገር ልበል። የአገራችን ሰው ፎቶ ሲነሳ ቀጥ ብሎ፣ ሳይስቅ፣ እጁን ሰብስቦ መቆሙን ብዙ ወጣት አንሺዎች እንደ ችግር ያዩታል፤ “ዘና በሉ፣ ፈገግ በሉ” እያሉ ያስጨንቁታል። ለእኔ ያ አቋም ሰውየው ለፎቶው የሰጠው ክብር ነው፤ አባቶቻችን ፎቶ ቤት ገብተው ከተሳለ መጋረጃ ፊት ሲቆሙም እንዲሁ ነበሩ። ያሺካው ዝግተኛ ስለሆነ ይህን አቋም ይታገሣል፤ ትኩረት እስካስተካክል፣ ብርሃን እስክለካ ድረስ ሰውየው ራሱን አደላድሎ ይጨርሳል። መዝጊያው ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ጥፍር በጥፍር እንደመንካት ያለ በመሆኑ አብዛኛው ተነሺ “አበቃ?” ብሎ ይጠይቃል።

እምቢ የሚለውም ጥቂት አይደለም። “ልብሴ ቆሽሿል” የሚል አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው፤ አንድ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰ ገበሬ በገበያ ቀን እንዲህ ብሎኝ ከሄደ በኋላ የተዋሰውን ኮት ደርቦ መጥቷል፣ እኔ ደግሞ ቁምጣውን ነበር የወደድሁት፣ ግን በኮቱ አነሣሁት። “ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?” እና “ለእርዳታ ምዝገባ ነው?” የሚሉት ጥያቄዎች ከሁሉም ይበዛሉ። በዚህ ዘመን ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መቆም በራሱ ጥርጣሬ የሚያስነሳ በመሆኑ፣ ከሩቅ ሆኖ ሰውን ሳያውቅ ማንሳት እዚህ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው፤ የመንግሥት ሕንፃ፣ ድልድይ ወይም የታጠቀ ሰው ባለበት አቅጣጫ ክዳኑን አልከፍትም። ካህናትን “ይፍቱኝ አባ” ብሎ መስቀል ሳይሳለሙ ስለ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። የቆሎ ተማሪዎች ደግሞ ደበሎአቸውንና አኩፋዳቸውን እንደ ትርዒት የሚያነሳባቸው መንገደኛ ስለሰለቻቸው አብዛኞቹ ዘወር ይላሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ከካሜራው ዕቃዎች ሁሉ ያሳዘነኝ የብርሃን መለኪያው ነው። የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ሲሆን ይህ ባትሪ በመርዛማነቱ ከገበያ ወጥቷል፤ በቦታው የሚገባው ተራ 1.5 ቮልት ባትሪ መለኪያውን ያሳስተዋል። መለኪያው ቢሠራ እንኳ ለጎጃም አለባበስ አይሆንም። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ፊቱ ሲቆም መለኪያው የነጩን ብርሃን ብቻ አይቶ ፖዙን ያጨልመዋል፤ የሚጠፋውም ልብሱ ሳይሆን ጠይሙ ፊት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቅሎቼ እንዲህ ሄዱ፤ ጋቢው እንደ በረዶ፣ ፊቱ እንደ ከሰል። አሁን መለኪያውን ትቼ ከፀሐይ ወደ ጥላ ማስጠጋትን ለምጃለሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የእኩለ ቀን ፀሐይዋ ዓይን ሥር ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ግንባርን ታነጣለች። ከጣሪያ ክፈፍ ወይም ከዋርካ ሥር፣ ሰማይ ከፊት ለፊት እንዲያበራ አድርጌ፣ ለብርሃን ያለው ፍጥነት 400 በሆነ ፊልም ክፍተቱን 5.6፣ መዝጊያውን አንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ሰከንድ ላይ አድርጌ ስጀምር አብዛኛውን ጊዜ አልሳሳትም። በዚህ ክፍተት ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ከወገብ በላይ ያለው አካል ይገባል፣ ከጀርባ ያለው ቆርቆሮ አጥርም ለስልሶ ይደበዝዛል። ሁለቱ ሌንሶች የሚያዩት ቦታ ትንሽ ስለሚለያይ በቅርብ ሲነሳ ከራስ በላይ ክፍት ቦታ መተው ይገባል፤ የአንዲት እናት የፀጉር ሹሩባ አናቱ የተቆረጠው ይህን ሳላውቅ ነው።

ፊልሙ የኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ነው፤ ፍጥነቱ 400፣ ጥቁርና ነጭ። ስሕተት ይቅር የሚል ፊልም በመሆኑ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እዚህ ስለማይሸጥ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚደርሰኝ፤ አዳዲሶቹ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲቲ ስካነሮች ፊልም ስለሚያጨልሙ ዘመዴ በእጅ እንዲፈተሽለት እለምነዋለሁ፣ እሱም እንደ አራስ ልጅ ይዞት ይመጣል። የማጥበው እቤት ነው። አይዲ-11 የተባለውን መድኃኒት ከውኃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሎ በ20 ዲግሪ ለ13 ደቂቃ ማጠብ ነው ሥርዓቱ፤ በእኛ ከተማ የቧንቧ ውኃ ጠዋት ጠዋት ከዚያ በታች ስለሚሆን ማንቆርቆሪያ ጥዶ ማሞቅ ግድ ነው፣ ውኃውም በጠፋ ቀን ፊልሙ በታሸገበት ያድራል። ቀለም ፊልም አልሞከርሁም፤ ለማጠቢያው ወደ አዲስ አበባ መላክ ለፎቶው ባለቤት የገባሁትን ቀጠሮ ያራዝምብኛል።

ግዢውን በሚመለከት ቅሬታ አለኝ። የሸጠልኝ ሰው “ምንም የማይጎድለው” ብሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያውን ጥቅል ሳጥብ የኋላ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ በእርጅና ረግፎ ስለነበር በየፖዙ ጠርዝ ላይ እንደ ጭስ ያለ የብርሃን ጅራት ታየ። ለማስተካከል አንድ ስስ ጥቁር ክርና ሙጫ በቂ ነበር፤ ያበሳጨኝ የተበላሹት የሰዎች ፊቶች ናቸው። ሌላው ጠላት ክረምቱ ነው። ጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለማያባራ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ታስሮ የከረመ ሌንስ ይሻግታል፤ እኔ ካሜራውን ከቦርሳው አውጥቼ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ አኖረዋለሁ። የሚገዛ ሰው የኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ መዝጊያውን አንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ፣ በሌንሱ ውስጥ ወደ ብርሃን አሻግሮ ይመልከት፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተወው። የዝግታ ፍጥነቶቹም በእርጅና ይጣበቃሉ፤ አንድ ሰከንዱ አንድ ሰከንድ መሆኑን በጆሮ መቁጠር ያዋጣል።

በስልክ ማንሳት ይቀላል፤ ውጤቱን እዚያው ማሳየት፣ ካልወደዱትም መደምሰስ ይቻላል። በፊልም ግን ተነሺው የሚሄደው ቃል ብቻ ይዞ ነው፤ “አጥቤ አመጣልዎታለሁ” የሚለውን ቃል። ከዚህ የተነሣ ለዚህ ሥራ ያሺካውን የምመክረው ካርድ ለማሳተምና ሰው ፈልጎ ለማድረስ ጊዜ ላለው ሰው ብቻ ነው። እኔ ነጋቲቩን፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም፣ በስልክ ገልብጬ ከተማው ውስጥ ያለ ፎቶ ቤት 10 በ15 ሴንቲሜትር አሳትማለሁ፤ ከጀርባው ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ከዚያም ሰውየው ባለበት ሰፈር እየዞርሁ እጠይቃለሁ። የማርቆሱ አዛውንት ፎቷቸውን ሲቀበሉ መጀመሪያ የተመለከቱት ዱላውን ነበር፤ “ይህችን በትር ልጄ ናት ከደጀን ያመጣችልኝ” አሉኝ። ኮት የተዋሰው ገበሬ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በገበያ ቀን ሁሉ ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እወጣለሁ፣ እስካሁን ያገኘሁት የኮቱን ባለቤት ብቻ ነው።