ጅማ ውስጥ ሎደር ለምታሠሩ፦ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

የጅሬንን ዳገት የሚያውቅ ሰው ጭንቀቴ ይገባዋል። አሮጌው ሎደራችን እዚያ በእጅ ፍሬን ሲቆም ትንሽ ይቆይና ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ረዳቱ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወሽቅ ነበር የሚውለው።

መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ወጥሮ ሸኘን። ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ። መልሰው ወጠሩት። በቃ፣ መወጠር ብቻ!

ይሄኛው ልጅ ግን ሳይት ድረስ መጥቶ ሎደሩን ሜዳ ላይ አስቆመ። ባልዲውን መሬት አስወረደ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስያዘ፣ ሞተር አስጠፋና ሥሩ ገባ። ሲወጣ ጣቱን አሳየኝ። ዘይት በዘይት ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሸራው ዘይት ጠጥቶ ሽቦ ቢወጠር ምን ያደርጋል?»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳን። ሸራ ማለት እየተፋተገ የሚይዘው የፍሬን ክፍል ነው። በእኛ ዓይነቱ ሎደር የእጅ ፍሬኑ ያለው ጎማው ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮ በሚወጣው ዘንግ ላይ ነው። ማንሻው ሲሳብ ሽቦው ካም የምትባለውን ብረት ያዞራል። ካሟ ሸራዎቹን ከፍታ ከታምቡሩ (ከዘንጉ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ጋር ታጣብቃለች። ማንሻው ሥር ያለው ጥርስ ደግሞ እንዳይመለስ ይይዘዋል። የዘይት ወይም የአየር ግፊት ስለማይፈልግ ሞተር ጠፍቶም ያድራል። ከዘንጉ እስከ ጎማው ያለው ማርሽ ጉልበቱን ስለሚያበዛው ያቺ ትንሽ ታምቡር ያን ሁሉ ብረት ታቆማለች።

ጣጣውም ከቦታው ነው የሚመጣው። የካምቢዮው የዘይት ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጋው ቀለበት) ሲያረጅ ዘይቱ ሸራው ላይ ይረጫል። ክሮቼራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ከተሰበረ ወይም ዘንጉ ከተፈታ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም ጎማውን አይዝም።

ሲኖትራክ የለመደ ሹፌር እዚህ ጋ ይሳሳታል። እዚያ የሚይዘው ስፕሪንግ ነው፣ የሚለቀው አየር። አየር ሲያልቅ ራሱ ይይዛል። የእኛው ግን ሰው ካልሳበው ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሲሉን ቀየረ፣ ታምቡሩን አጠበ፣ አዲስ ሸራ ገጠመ። ረዳታችን «አሮጌውን በቤንዚን አጥበን እንመልሰው» ሲለው አሻፈረኝ አለ። ዘይት የገባበት ሸራ ሲሞቅ መልሶ ያልበዋል አለን። ሽቦውን የነካው መጨረሻ ላይ ነው። ኦፕሬተሩንም «በእጅ ፍሬን እየሄድክ አታቁም፣ ስበህም አትንዳ፣ ሸራ ታቃጥላለህ» ብሎ መከረው። አሁን ጅሬን ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባልዲ ማውረዱንና ድንጋዩን ግን አልተውንም፤ እሱም አትተዉ ብሏል።

ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያዘገያል፣ ይሄን አልደብቅም። ሥራው ግን ልብ ያሳርፋል፣ ዋጋውም አይጎዳም። እጁ ይባረክ!

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትደውሉለት የማሽኑን ሞዴል ያዙ፤ ሸራው እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።